የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ በውል የሚያስገባቸውን ኢ-ጆርናሎችና ዳታቤዞች ማን ይጠቀም? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በላይብረሪው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ዓመቱን ሙሉ የማይቀሩልኝ ጥያቄዎች እነሆ፣ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው።

ላይብረሪው ገዝቶታል አይደል? ታዲያ ለምን ለሁሉም አይከፍተውም?

አልገዛውም፤ ተከራይቶታል። መደርደሪያ ላይ ያለው መጽሐፍ የላይብረሪው ንብረት ነው። ቢፈልግ ለውጭ ሰው ያስነብባል፣ ቢፈልግ ያውሳል። ኢ-ጆርናሉ ግን እኛ ጋ የለም። ፋይሉ የተቀመጠው አሳታሚው ሰርቨር ላይ ነው። እኛ በየዓመቱ የምንከፍለው ለመግቢያው ነው፤ በዚያ በር እነማን እንደሚገቡም ፈርመንበታል።

ስለዚህ "አንቺ ጋ ነው ያለው፣ ብትከፍችልኝ ምን አለበት?" ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ይሁን እንጂ ቤቱ የኔ አይደለም።

"የተፈቀደለት ተጠቃሚ" የሚባለው ማን ነው?

አብዛኛው ውል መጀመሪያው አካባቢ የቃላት ትርጓሜ የሚል ክፍል አለው። ማንም አያነበውም። ነገሩ ሁሉ ያለው ግን እዚያ ነው። ብዙ ላይብረሪዎች እንደ መነሻ የሚይዙት ሊብላይሰንስ የሚባል የአሜሪካ ሞዴል ውል አለ። እሱ ተጠቃሚዎችን ሁለት ቦታ ይከፍላቸዋል። በአንድ ወገን የሙሉና የትርፍ ጊዜ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ሠራተኞች፣ ከተቋሙ ጋር የሚሠሩ ተመራማሪዎችና በኮንትራት የተቀጠሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ የትም ቦታ ሆነው ይጠቀማሉ። በሌላው ወገን ከተቋሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ ነገር ግን በአካል ላይብረሪው ውስጥ የተገኘ ሰው አለ። እሱም ይጠቀማል፤ እዚያው ተቀምጦ።

ይህ ሞዴል ነው። እውነተኛው ውል ከዚህ ሊጠብም ሊሰፋም ይችላል። አንድ ላይብረሪ ሃያ ዳታቤዝ ቢኖረው ሃያ ዓይነት "ተጠቃሚ" ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። "ጓደኛዬ ያኛውን ከፍቶለታል፣ ይሄኛው ለምን ከለከለው?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው።

የማታ፣ የርቀት ወይም የክረምት ተማሪ ነኝ። እኔንም ይመለከታል?

አዎ። ተመዝግበው እየተማሩ እስከሆነ ድረስ ከቀን ተማሪ የሚለይዎ ነገር የለም። ውሎቹ የትርፍ ጊዜ ተማሪን አብረው ነው የሚጠሩት።

ችግሩ ያለው ውሉ ላይ ሳይሆን ስም ዝርዝሩ ላይ ነው። ሬጅስትራር የሚያውቀውን ላይብረሪው አያውቅም፤ ላይብረሪው የጠየቀውን አይሲቲ በሌላ ወር ያስገባዋል። አንድ የክረምት ተማሪ፣ መምህር ነው፣ ሐምሌ ሲገባ የጠየቀው አካውንት የተከፈተለት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነበር። መናኸሪያ ሆኖ ደወለልኝ። ከጀርባው የረዳቱ ጩኸት ይሰማል። "አሁን ምን ያደርግልኛል?" አለኝ። "አገርዎ ገብተው ይጠቀሙበታል" አልኩት። እሱ ግን የመሰለው ግቢውን ለቆ ሲወጣ አብሮ የሚዘጋ ነበር። አይዘጋም። የሚዘጋው ምዝገባዎ ሲቋረጥ ነው፤ ዊዝድሮ የሞላ ተማሪ እስኪመለስ ድረስ ከዝርዝሩ ይወጣል።

መምህርም ተማሪም አይደለሁም፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ነኝ። መጠቀም እችላለሁ?

ይችላሉ። ሠራተኛ ሠራተኛ ነው። ፋይናንስ፣ ክሊኒክ፣ ጥበቃ፣ ሁሉም። ብዙዎቹ ባለማወቅ አይጠይቁም እንጂ።

ግቢ ውስጥ ሆኜ እንኳ "ይክፈሉ" ይለኛል። ለምን?

ድረ ገጹ እርስዎን አያውቅዎትም። የሚያውቀው ዩኒቨርሲቲው ያስመዘገበውን የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም የኔትወርኩን መለያ ቁጥር ነው። ከዚያ አድራሻ የመጣ ሁሉ የቤት ልጅ ነው፤ ከሌላ የመጣ ሁሉ እንግዳ። ላይብረሪው ወንበር ላይ ተቀምጠው በስልክዎ ዳታ ከገቡ፣ ለአሳታሚው የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ደንበኛ ነዎት እንጂ ተማሪ አይደሉም። የግቢውን ዋይፋይ ይያዙ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ቪፒኤን ነው። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፕዋን ታቅፋ መጣች። ዋይፋዩ የግቢው ነው። ስሟም ዝርዝሩ ላይ አለ። ገጹ ግን ለአንዲት ጽሑፍ በዶላር ዋጋ ለጥፎባታል። ስክሪኗ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ የቁልፍ ምልክት አየሁ። ሶሻል ሚዲያ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ የጫነችው ቪፒኤን ነው፤ ረስታዋለች። እሷ ያለችው እኔ ፊት ነው፣ ለአሳታሚው ግን አውሮፓ ናት። አጠፋችው። ገጹን ሪፍሬሽ አደረገችው። ተከፈተ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ!" አለች፣ ሌላ ምንም አላለችም።

ከቤቴ ሆኜስ?

መብቱ አለዎት። የሚያስፈልገው ማንነትዎን የሚያረጋግጥ መንገድ ነው። የተለመደው ፕሮክሲ ነው፦ በላይብረሪው ድረ ገጽ በኩል በስምዎና በፓስወርድዎ ይገባሉ፣ ፕሮክሲው የዩኒቨርሲቲውን አድራሻ አልብሶ ይልክዎታል። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ኢዚፕሮክሲ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ ሲሆን፣ የጻፈውም በአሪዞና የአንድ ኮሌጅ ላይብረሪያን ነው። የሙያ ባልደረባችን ስለሆነ ሳልጠቅሰው አላልፍም። ሌላው መንገድ ደግሞ አሳታሚው ገጽ ላይ "በተቋምዎ ይግቡ" የሚለውን ተጭኖ የዩኒቨርሲቲውን ስም መምረጥ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎ ሁለቱንም ካልዘረጋ ግን መብት ኖሮዎት መንገድ የለዎትም። በዚህ ላይብረሪያኑን ከመውቀስ ለዲኑ ደብዳቤ መጻፍ ይሻላል። በጀት ሲጠየቅ የተማሪ ደብዳቤ ከኛ ሪፖርት በላይ ይሰማል።

የየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ሰው አይደለሁም፤ በግሌ ጥናት እሠራለሁ። ተስፋ አለኝ?

ከሚያስቡት በላይ አለዎት። ቅድም ያልኩት ሁለተኛው ወገን እርስዎ ነዎት። ውሉ በአካል ለመጣ እንግዳ ከፈቀደ፣ ላይብረሪው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ማንበብ ይችላሉ። ለራስዎ ጥናት የሚሆን ጥቂት ማተም ወይም በፍላሽ መውሰድም ብዙ ጊዜ አይከለከልም።

የሚያስቸግረው የግቢው በር ነው። ውሉ "ይግቡ" ይላል፣ ጥበቃው "ወዴት ነው?" ይላል። ጥበቃው አልተሳሳተም፤ መታወቂያ የሌለው ሰው እንዳይገባ ታዝዟል። ግን ከአሳታሚ ጋር ወራት ተከራክረን ያስገባነው አንቀጽ በር ላይ ሲቀር ያናድዳል። አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ለሁለት ቀን ከበር ተመልሰዋል። በሦስተኛው ቀን እኔ ራሴ ወርጄ አስገባኋቸው። ከሰዓት በኋላ ሙሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስክሪኑን በአፍንጫቸው ሊነኩት ሲደርሱ ሲያነቡ ዋሉ።

ምክሬ ይህ ነው። ከመምጣትዎ በፊት ወደ ላይብረሪው ይደውሉ፣ ስምዎ በር ላይ እንዲቀመጥ ይጠይቁ፣ ከመሥሪያ ቤት ወይም ከቀበሌ መታወቂያ ይያዙ። ላይብረሪዎችም ቢሆኑ የተማሪ ፓስወርድ የማይጠይቁ አንድ ሁለት ኮምፒውተሮች ለእንግዳ ቢለዩ ምንም አይጎዱም። ለእንግዳ የተማሪ ፓስወርድ ማዋስ ግን መፍትሔ አይደለም። እንግዳው የተፈቀደለት እዚያው ተቀምጦ ነው፤ ያ ፓስወርድ ደግሞ ማታ ቤቱም ይሠራለታል።

ተመርቄያለሁ። አካውንቴ ለምን ተዘጋ?

ክሊራንስ ሲጨርሱ ከተማሪነት ዝርዝር ስለወጡ ነው። አብዛኛው ውል ምሩቃንን አይጨምርም። አሳታሚው ዋጋ ሲያወጣ የተማሪና የሠራተኛ ቁጥር ይጠይቃል፤ ምሩቃን ደግሞ በየዓመቱ የሚጨምሩ እንጂ የሚቀንሱ አይደሉም። ለምሩቃን ተብሎ በተጨማሪ ክፍያ የሚሸጥ ጥቅል ያላቸው አሳታሚዎች አሉ፣ የሚገዛው ዩኒቨርሲቲ ግን ጥቂት ነው።

እኔን የሚያሳዝነኝ መካከል ላይ ያለው ሰው ነው። ቲሲሱን ዲፌንድ አድርጓል፣ "ከማሻሻያ ጋር" ተብሎ አልፏል፣ ማሻሻያው ውስጥ ደግሞ አዳዲስ ጽሑፎች እንዲያነብ ታዟል። አካውንቱ ግን ተዘግቷል። ዲግሪው በሴኔት እስኪጸድቅ ድረስ ይህ ሰው ለእኔ ተማሪ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ከገጠመዎ የአማካሪዎን አጭር ማስታወሻ ይዘው ይምጡ፤ ብዙ ጊዜ ይራዘማል።

ለሌላው ምሩቅ፦ እንደ ማንኛውም እንግዳ በአካል መጥተው ማንበብ ይችላሉ። ጄስቶር በሚባለው የኦንላይን የጆርናሎች ማከማቻ ላይ ደግሞ የግል አካውንት በነጻ ከፍተው በ30 ቀን እስከ 100 ጽሑፍ ስክሪን ላይ ማንበብ ይቻላል። የአፍሪካ ጆርናሎችን ኦንላይን የሚያወጣው ኤጆልም ብዙ ነጻ ጽሑፍ አለው። የመመረቂያ ጽሑፎችን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ የኦፕን አክሰስ (ለሁሉም በነጻ ክፍት የማድረግ) ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩት ክፍት እንዲሆኑ ይጠይቃል። ለእነሱ ፓስወርድ ሊጠየቁ አይገባም።

እንግዳ መምህር፣ የሰዓት ተከፋይ ወይም ጡረታ የወጣ ፕሮፌሰርስ?

የሰዓት ተከፋይ ውሉ እስኪያልቅ ሠራተኛ ነው። እንግዳ መምህርም የጽሑፍ ደብዳቤ ካለው እንደዚያው። "ዲፓርትመንቱ ያውቀኛል" የሚለው ግን አይበቃም፤ ዲፓርትመንቱ ያውቅዎት ይሆናል፣ ሲስተሙ አያውቅዎትም።

ጡረተኛው ይከብዳል። ዩኒቨርሲቲው የኤመሪተስነት (ከጡረታ በኋላም የሚቀጥል የክብር) ማዕረግ ሰጥቶት ከሆነ ከተቋሙ ጋር የሚሠራ ተመራማሪ ብሎ መያዝ ያስኬዳል። በባዶ እጁ ከተሸኘ ግን፣ አርባ ዓመት ቢያስተምርም፣ በውሉ ዓይን እንግዳ ነው። ሲነገራቸው ፊታቸው የሚለዋወጠውን ማየት ከባድ ነው።

ሂናሪ ለኢትዮጵያ ነጻ ነው ይባላል። ታዲያ እኔ ብቻዬን መመዝገብ አልችልም?

አይችሉም። ሂናሪ እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም የጤና ድርጅት የተጀመረ የጤና ጽሑፎች ፕሮግራም ነው። ዛሬ ከእርሻ፣ ከአካባቢ፣ ከቴክኖሎጂና ከሕግ ፕሮግራሞች ጋር ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚለው ጥላ ሥር ይገኛል። ኢትዮጵያም በነጻ ከሚያገኙት አገሮች ምድብ ናት። የሚመዘገበው ግን ግለሰብ ሳይሆን ተቋም ነው፦ ዩኒቨርሲቲ፣ የምርምር ተቋም፣ ሆስፒታል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ አገር በቀል ድርጅት።

"ነጻ" የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ዋጋው ነው ነጻ እንጂ ውሉ አልቀረም። ፓስወርዱን ከተቋሙ ሰዎች ውጭ መስጠት ክልክል ነው። ገጠር ያለ ሆስፒታል የምትሠሩ ከሆነ ግን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛችሁን ፓስወርድ ከመለመን ሆስፒታላችሁን አስመዝግቡ። ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው እሱ ነው።

ፓስወርዴን ለአንድ ጓደኛዬ ብቻ ብሰጠው ማን ያውቃል?

አሳታሚው ያውቃል። የአንድ ሰው ስም በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአዳማም ከዱባይም ሲገባ ይታየዋል። በአንድ ሌሊት ስድስት መቶ ጽሑፍ ሲወርድም እንዲሁ። ሲያውቅ ደግሞ የሚዘጋው ያንን ሰው ብቻ አይደለም። መላው ዩኒቨርሲቲ ሊዘጋ ይችላል።

አንድ ጊዜ ደርሶብናል። አንድ ተማሪ ፓስወርዱን ለጓደኛው ሰጠ፣ ጓደኛው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ነገሩ የሆነው ግንቦት መጨረሻ፣ ቲሲስ ማስረከቢያ ሳምንት ላይ። ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ዙሪያ ሰው ቆሟል። ከአሳታሚው ጋር ኢሜይል ተለዋውጠን እስኪከፈት ድረስ ቀናት አለፉ። ተማሪው ክፉ ልጅ አልነበረም። ጓደኛውን ሊረዳ ነው። የሚገርመው፣ ያ ጓደኛ በአካል ቢመጣ ኖሮ በእንግድነት ማንበብ ይችል ነበር።

በብዛት ማውረድ ላይ ደግሞ የታወቀው ምሳሌ አሜሪካዊው ፕሮግራመር አሮን ስዋርትዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ከጄስቶር እጅግ ብዙ ጽሑፍ ሲያወርድ ጄስቶር ለቀናት መላውን ኤምአይቲ ዘግቶ ነበር። ኔትወርኩ ለእንግዳ ክፍት ስለነበር መግባቱ ብቻውን አላስደነቀም። ያስደነገጠው መጠኑ ነው። የተፈቀደለት ሰውም ቢሆን ያልተፈቀደ ነገር ሊያደርግ ይችላል።

አንድ ጽሑፍ አውርጄ ሌላ አገር ላለ የጥናት ባልደረባዬ ብልክለትስ?

ይህ ሌላ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይፈቀዳል። ሰዎች ፓስወርድ ማጋራትና ጽሑፍ ማጋራት አንድ ይመስሏቸዋል። ብዙ ውሎች ለምሁራን መጋራት የሚል አንቀጽ አላቸው፦ ለአንድ ባልደረባ፣ ለጥናት ሥራ፣ በጥቂቱ። አንዲት ፒዲኤፍ በኢሜይል መላክ እዚህ ውስጥ ይገባል። አሥር ሺህ አባል ባለው ቻናል ላይ መጫን አይገባም።

የምኖረው ውጭ አገር ነው። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ ጥናቶችን ከየት ላንብብ?

የአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ አካውንት አይጠብቁ፤ በቅርብዎ ያለውን ላይብረሪ ይጠይቁ። አሜሪካ ያሉ ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአካል ለመጣ ሰው ኮምፒውተር ይከፍታሉ፣ የእንግዳ አንቀጹ እዚያ እንደ ልብ ይሠራል። ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስድስት ኪሎ የሚዘጋጀው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ጄስቶር ላይ ስላለ በግል አካውንትም ይደረስበታል። እኛው ግቢ የታተመውን ጄስቶር ባለበት በኒውዮርክ በኩል ዞረን ማንበባችን ሁሌም ፈገግ ያሰኘኛል።

መምህር ነኝ፣ በጎን ለድርጅቶች የማማከር ሥራ እሠራለሁ። ለዚያ ብጠቀምበትስ?

እዚህ ላይ ነገሩ ይጠጥራል። እርስዎ የተፈቀደልዎ ሰው ነዎት። ሥራው ግን ላይፈቀድ ይችላል። ውሎቹ ለትምህርት፣ ለምርምርና ለግል ጥናት ይላሉ፤ ለንግድ ዓላማ መጠቀምን ይከለክላሉ። በዩኒቨርሲቲው በኩል የመጣ፣ ዩኒቨርሲቲው የፈረመበት ጥናት ከሆነ ደህና ነው፣ ስፖንሰሩ ገንዘብ ቢከፍልም። በግልዎ ተጫርተው ለደንበኛ የሚጽፉት ሪፖርት ከሆነ ግን ከመስመሩ ወጥተዋል።

መሐል ያለው ሰፊ ነው። ትናንት ለክፍል ያነበቡትን ዛሬ በምክር ሥራ ላይ ማስታወስ ማንም አይከለክልዎም። እኔ የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ጽሑፍ ያወረዱት ለማን ብለው ነው? ለደንበኛው ብለው ከሆነ ደንበኛው ይግዛው።

ያወረድኩትን ፒዲኤፍ ለቻትጂፒቲ ሰጥቼ እንዲያሳጥርልኝ ባደርግስ?

አዲሱ ራስ ምታታችን ነው። ፋይሉን ሲጭኑት ውሉ ላይ ለሌለ ሦስተኛ ወገን ሰጡት ማለት ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚመጡ ውሎች ስለዚህ በግልጽ ይጽፋሉ፤ አንዳንዱ ጨርሶ ይከለክላል፣ አንዳንዱ ያስገቡት ጽሑፍ ኤአዩን ለማሠልጠን የማይውልበትን ብቻ ይፈቅዳል። የቆዩት ውሎች ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን ግን እንደ ፈቃድ አልወስደውም። ኦፕን አክሰስ የሆኑ ጽሑፎችን መጠቀም በጣም ቀላል ነው፣ የተለጠፈባቸውን ፈቃድ አይቶ ነው። ለሌላው እኛን ይጠይቁ፤ ውሉን ገልጠን እናያለን።

ከየትኛውም ወገን የማይገባ ሰው ሲመጣ ማን ይወስናል?

መጀመሪያ የምናየው ውሉን ነው። ግልጽ ካልሆነ ለአሳታሚው እንጽፋለን፣ መልሱንም በጽሑፍ እንይዛለን። በስልክ "ችግር የለውም" ያለ ሰው በዓመቱ ሥራ ቀይሮ ይገኛል። ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሐኪሞች ደመወዛቸው ከሌላ መሥሪያ ቤት ሲከፈል ሠራተኛ ናቸው ወይስ አይደሉም? እኛ ናቸው እንላለን፤ ተማሪ ያስተምራሉ፣ ሬዚደንት ያሠለጥናሉ። ግን በጽሑፍ ካልተያዘ ሙግት ነው።

ይህን ሁሉ ማስተካከል የሚቀለው ከመፈረም በፊት ነው። የኢትዮጵያ የአካዳሚና የምርምር ላይብረሪዎች ኅብረት (ሲኤርል) ኢአይኤፍኤል ከተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር ይሠራል፤ በጋራ መደራደር ለየብቻ ከመለመን ይሻላል። የእኛ ስህተት ብዙ ጊዜ ጥድፊያ ነው። የኛ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የእነሱ የደንበኝነት ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ ላይ። በመሐል የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ አለ። ገንዘቡ ሲፈቀድ የቀረችው ሳምንት ብቻ ትሆንና ትርጓሜው ክፍል ሳይነበብ ይፈረማል። ባለፈው እድሳት ግን ሦስት ቃል አስጨምረናል፦ "የማስተማሪያ ሆስፒታሉን ጨምሮ"።